መውጫው

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ተኩል ነው። ሱሉልታ
ውርጭ እንደለበሰች፣ በጎኗ ተኝታ።
ኦቦ ጉደታ ላሞቻቸውን ከሜዳው እያስወጡ
«ዛሬስ ስንት ደቂቃ ነው?» አሉን፤ ሳቃቸውን ዋጡ።

አራት ደቂቃ ነው የሰማያችን ልክ፤
በአምስተኛው መርፌው ከቀዩ መስመር ሊታከክ።

ሞተሩ የቮልስ ነው። በአባታችን ጋራዥ፣ ኮተቤ፣
ዘመን ሙሉ ሸራ ለብሶ ዶሮ የታቀፈችበት።
ጋራዡ ሲሸጥ ገረመው ሞተሩን አስቀረ፤
ገንዘቡን ክንፍ አደረገው፣ ጨርቅ ገዛ፣ ወጠረ።
ውሉ ላይ ስሜን ስጽፍ «ደስ ይበልህ» አልኩት፤
ሌላም የምለው ነበረኝ፣ ከምራቄ ጋር ዋጥኩት።

እዚህ አየሩ ስስ ነው፤
ሯጮች ለሳንባቸው ብለው ከከተማ የሚመጡለት፣
ለሞተር ግን እፍኝ ውሃ፣ ለሚቃጠል ቤት።

«ሰማንያ።» ሬዲዮው ነው። ጻፍኩ።
«ዘጠና ሁለት።» ጻፍኩ።
ጥላው የሣር ክምሩን ዘልሎ ወደ ጋራው ታጠፈ።
«መቶ ስድስት፣ ትርሲት።»
«አፍንጫውን ዝቅ አድርግ፣ ጋዙን ቀንስ፣ ይንፈስበት።»
«መቶ አሥራ አራት።»
«ውረድ።»
«ትንሽ ብቻ...»
«ውረድ አልኩህ!»
ድምፄ እኔኑ አስደነገጠኝ፤ አንዲት ላም ቀና ብላ አየችኝ።

ወረደ። መለኪያውን መዘዝኩት፤
ዘይቱ ከጫፉ ላይ እንደ ቀጭን ሻይ ተንጠባጠበ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ መግቢያውን ስናሰፋ ነበር፤
መጀመሪያ በመጋዝ፣ ቀጥሎ በመቀስ፣
የምግብ ዘይት ቆርቆሮ ቀደን አፍ ሠራንለት፣ ንፋስ እንዲጎርስ።
«ዘይት ለዘይት ዘመዱ ነው» ብሎ ገረመው ቀለደ፤
አፉ በሰፋ ቁጥር ግን ሙቀቱ ባሰ፣ ነደደ።

ትናንት ማታ ከሹራቤ ክር መዝዤ
በሆዱ ሥር ለጥፌ ነበር፤ ስምንት ቁራጭ፣ ቀይ።
አሁን በጀርባዬ ተኛሁና አየኋቸው።
ወደ ጭራው መተኛት ሲገባቸው
ወደ ውስጥ ተጠቅልለዋል፣ ጥቀርሻ አጣብቋቸው።
ለካ የገባው ነፋስ የሚሄድበት አጥቶ
ቆሞ ይሞቅ ኖሯል፣ እዚያው ተከማችቶ።

«ገረመው» አልኩ ከሥር፣ «መግቢያው አይደለም።»
«ታዲያስ?»
«መውጫው ነው። መውጫ የለውም።»

ዝም አለ። ከተኛሁበት የሚታየኝ ጫማው ብቻ ነው፤
የአባታችን ጫማ፣ ሶሉን ሁለቴ ያስለወጠው።
«ትርሲት፣ የጋራዡ ነገር...»
«የቆርቆሮ መቀሱን አቀብለኝ።»
አቀበለኝ።
አንዱን ጠርዝ ከቆረጥኩ በኋላ ነው፣ ፊቱን ሳላየው፣
«አዎ፣ አናዶኛል» ያልኩት። «ልትጠይቀኝ ይገባ ነበር።»
«ይገባ ነበር» አለ ጫማው።
ከዚያ ጎንበስ ብሎ መጣና ቆርቆሮውን ያዘልኝ።
ሁለት ጣት ያህል ከፈትን፤
ከንፈሩን ወደ ታች ቀለበስን።
ክንዴ የጭስ ቱቦውን ነክቶ ተላጠ፤ እሱ ቅባት ቀባልኝ፣
እኔም አልተከላከልኩም።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ፀሐዩ ከረር ሲል፣ ደግሞ ተነሣ።
«ሰማንያ አንድ።» ጻፍኩ።
«ዘጠና።» ጻፍኩ።
አራተኛው ደቂቃ አለፈ። አምስተኛውም።
«ዘጠና አራት።»
«አሁንስ?»
«ዘጠና አራት።»
«አሁንስ?»
«ቆሟል እኮ፣ ትርሲት! መርፌው ተኝቷል።»

ደብተሬ ላይ ዘጠና አራትን ሰባት ጊዜ ደረደርኩት፣
በስምንተኛው እስክሪብቶዬን ጆሮዬ ላይ ሰካሁት።

በአሥራ አንደኛው ደቂቃ ኦቦ ጉደታ ከነላሞቻቸው ቀረቡ፤
«ምነው፣ ዛሬስ መውረድም የለ እንዴ? ከብቶቼ ተራቡ።»